አሮጌ ኮምፒውተር፦ ማደስ፣ እንዳለ መሸጥ ወይስ ፈትቶ መለዋወጫ ማድረግ?

አሮጌ ኮምፒውተር በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ያስቀመጠ ሰው ሦስት ምርጫዎች አሉት፦ አድሶ መጠቀም፣ እንዳለ መሸጥ፣ ወይም ፈትቶ ክፍሎቹን ለየብቻ ማዋል። የትኛው እንደሚያዋጣ ለማወቅ አስቀድሞ የፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን ዋና ማስሊያ ክፍል) ጄኔሬሽን፣ ማለትም ትውልድ፣ መመልከት ይገባል። በኢንቴል ኮር አይ 5 ላይ ቁጥሩ 4300 ከሆነ አራተኛ፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ፕሮሰሰሮችና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ሥርዓት ስለሚጠይቅ፣ ይህ ቁጥር ዛሬ የማሽኑን ቀሪ ዕድሜ ይወስናል። ስምንተኛና ከዚያ በላይ የሆነውን ያለ ማመንታት ማደስ ይሻላል። ከኮር አይ በፊት የነበረው የኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር ዘመን ማሽን ግን ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

አስቸጋሪዎቹ በመካከል ያሉት፣ ማለትም ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ያሉት ናቸው። እነዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ሥርዓተ ክወና ተጭኖባቸው ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለተማሪ ሥራ ገና ብዙ ያገለግላሉ፤ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም የሚጠቀም ድርጅት ግን ገንዘቡን ያገለገለ የስምንተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ቢገዛበት ይመረጣል።

ማደስ ለመረጠ ሰው ጥያቄው ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) ልግዛ ወይስ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ልጨምር የሚል ይሆናል። የተለመደው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ ሳታ በተባለው በዚያው የዲስክ መሰኪያ የሚገባው ኤስኤስዲ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በመክፈት ረገድ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል። ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ወደ 8 ማሳደጉም ይጠቅማል። ሆኖም እኔ ኤስኤስዲውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ማሽኑ ነገ ቢሞት ኤስኤስዲው ተነቅሎ ቦታው ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገባል፤ ዲዲአር 3 የተባለው የቀድሞ ራም ግን ተከታዩን ዲዲአር 4 በሚቀበል ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ፈጽሞ ስለማይገጥም፣ የወጣበት ገንዘብ ከአሮጌው ማሽን ጋር ይቀራል። በአሮጌ ዕቃ ላይ ወጪ ሲታሰብ ተከትሎን የሚሄደውን ክፍል መግዛት ከሁሉ የተሻለ ስሌት ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚሠራ ማሽን እንዳለ ቢሸጥ ይሻላል፤ ገዢ ተነሥቶ ሲሠራ ያየውን ዕቃ ያምናልና። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ራሙና ቻርጀሩ ተመሳሳይ ሞዴል ለሚጠግን ባለሙያ በየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ለቆራሌው በኪሎ መስጠት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት፤ በዚያ ሚዛን ላይ ጤነኛ ራምም የተሰበረ ብረትም እኩል ናቸውና።

በየትኛውም መንገድ ማሽኑ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት መረጃው መጥፋት አለበት። ፈጣን ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ ይዘታቸውን ስለማይደመስስ፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ሙሉውን ቦታ በሌላ መረጃ መሸፈን፣ በኤስኤስዲ ላይ ደግሞ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ፕሮግራም መጠቀም ያስፈልጋል። የደንበኞችን ወይም የሕሙማንን መዝገብ የያዘ መሥሪያ ቤት ግን ዲስኩን አውጥቶ ቢያስቀር ይሻላል።

ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይወጋም፣ አይታጠፍም፣ ከሌላ ቁርጥራጭ ጋርም አይጣልም። መዳብ ለማውጣት ገመድ ማቃጠልም የሚያቃጥለውን ሰውና ጎረቤቱን በመርዛማ ጭስ ይጎዳል፤ ስለዚህ ገመዱ ተልጦ እንዲሸጥ ወይም ሳይቃጠል ለሚፈታ ሰው እንዲሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ።