ዳገት ላይ ቀጥ ለምትል ዲኤክስ፦ ፊልትሮ፣ ሜካኒካል ፓምፕ ወይስ የኤሌክትሪክ ፓምፕ?

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ቶዮታ ዲኤክሴ ሁለት ጊዜ ቀጥ አለችብኝ። ከቆላው ግለት እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ደብረ ማርቆስ ስደርስ "የቤንዚን ፓምፑ ነው" ተባልኩና አዲስ ገዛሁ። በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ጠፋች። ለካ ፊልትሮው፣ ማለትም የቤንዚን ማጣሪያው ነበር። ሌላ ሰው እንደኔ ገንዘቡን እንዲያባክን አልፈልግም።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር እዩ። ጎኑ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለችው። መኪናዋ እንደጠፋች ኮፈኑን ክፈቱ። ቤንዚኑ መስታወቷ መሃል ላይ ከታየ ፊልትሮም ፓምፕም አትግዙ፤ እሳት ወደሚሰጡት ወደ ካንዴላና ኮይል ሂዱ። ባዶ ከሆነች ነዳጅ አልደረሰም። ያኔ የታንኩን ክዳን ላላ አድርጉት። አየር ሽው ብሎ ከገባና መኪናዋ ከተነሳች የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ይሄ ጠርጎ መክፈት ብቻ ነው።

ፊልትሮ። ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ ስትረግጧት የምትደክም ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። በተለይ ቤንዚን ሲጠፋ ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ። የኔን ነጭ ኩባያ ላይ ስገለብጠው ቡናማ ዝገትና የውሃ ጠብታ ወጣ። ዋጋው ከፓምፕ ጋር ስለማይወዳደር በጥርጣሬም ቢሆን ግዙት። ስታስገቡት ቀስቱ ወደ ሞተር ይዙር።

ሜካኒካል ፓምፕ። ሞተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ሞተሩ ከበረደ በኋላ የኮይሉን ገመድ ንቀሉ። ወደ ካርቡራተር የሚገባውን ጎማ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና አንድ ሰው ቁልፉን ይምታ። ቤንዚኑ እየተገፋ በኃይል ከመጣ ፓምፑ ደህና ነው። ከደከመ ፓምፑ ቤንዚን የሚስብበትን ጎማ ንጹህ ቤንዚን ያለበት ጀሪካን ውስጥ ከታችሁ ድገሙት። አሁን ከበረታ ጥፋቱ ፊልትሮው ወይም ታንኩ ጋ ነው። የዘይት መለኪያውንም አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ ተቀዷል፤ ፓምፑንም ዘይቱንም ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩ። ያገለገለ ፓምፕ አልመክርም። የጎማው ዕድሜ ከውጭ አይታይም።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ። ታንኩ አጠገብ ሆኖ ስለሚገፋ፣ በአባይ ሙቀት ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ተንኖ መኪና የሚያቆመውን ችግር ይቀንሳል። ግን ካርቡራተር ለሌላቸው መኪኖች የሚሠራውን የኢንጀክሽን ፓምፕ እንዳትቀበሉ። የእሱ ግፊት 3 ባር ገደማ ነው፤ ካርቡራተር የሚፈልገው ወደ 0.3 ባር ብቻ ስለሆነ ያጥለቀልቀዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑንም የሚያጠፋ ሪሌይ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) የግድ ይግባለት። አለዚያ በግጭት ጊዜ ነዳጅ መርጨቱን አያቆምም።

ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ለሚመላለስ ሜካኒካሉ ይበቃዋል። አባይን በየሳምንቱ የሚያቋርጥና የሚያምነው ኤሌክትሪሻን ያለው ሰው የኤሌክትሪኩን ይግዛ። እኔ በሜካኒካሉ ቀጥያለሁ። የድሮው ፓምፔም ክንዱን በጣቴ ስገፋው አሁንም ቤንዚን ይስባል፤ ከአንድ ትርፍ ፊልትሮ ጋር መኪናው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።