ላፕቶፓችሁ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ፣ ራም ከመግዛታችሁ በፊት

እባካችሁ እንደኔ እንዳትበሉ። ሰባት ሺህ ብር ከፍዬ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ሜሞሪ የሚሉትን) አስቀየርኩ። ጥፋቱ ግን የራሙ አልነበረም።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ልክ በግብር ሰሞን ላፕቶፔ ሰማያዊ ስክሪን ማምጣት ጀመረ። ያዘነ ፊት ያሳያል፣ ፐርሰንት ይቆጥራል፣ ከዚያ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። አንድ ምሽት ሴቭ ያላደረግኩት የሁለት ሰዓት ሥራ ሄደብኝ፤ አለቀስኩ።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ትንሽ ነካካውና «ራሙ ሞቷል» አለኝ። ምን አይተህ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የድሮውን ራም መልስልኝ ማለትም ትዝ አላለኝም። በማግስቱ ያው ሰማያዊ። ተመልሼ ስሄድ ደግሞ «እንግዲያው ማዘርቦርዱ ነው» አለኝ፤ ሁሉም ዕቃ የሚገጠምበት ዋናው ሰሌዳ ማለት ነው። የጠራልኝ ዋጋ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል።

ደግነቱ የእህቴ ልጅ ደረሰልኝ። «አክስቴ፣ መጀመሪያ ሴፍ ሞድ እንየው» አለ። ሺፍትን ተጭኖ ይዞ ሪስታርት አለው። በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ነው የሚነሳው፤ እኛ የጫንነው አብዛኛው ነገር አይነሳም። ሌሊቱን ሙሉ ከፍተን ተውነው። አንዴም አልጠፋም። «ዕቃው ቢሆን ኖሮ እዚህም ይጠፋ ነበር፣ ፕሮግራም ነው የምጠረጥረው» አለኝ።

ቀጥሎ ስታርት ላይ በእንግሊዝኛ «ሪላያቢሊቲ» ብሎ ጻፈ። በየቀኑ የሆነውን የሚያሳይ ሰንጠረዥ መጣ። ብልሽት ያለበት ቀን ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት አለ። ወደ ኋላ ስንሄድ ቀዩ የሚጀምረው ሁለተኛ አንቲቫይረስ በፍላሽ ባስጫንኩ ማግስት ነው። የመጀመሪያውን ሳላጠፋ! ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ሲከፈት እኩል ሊይዙት ይሻማሉ፣ ያውም ዊንዶውስ ሆድ ውስጥ ገብተው። አንዱን አጠፋን። ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ ሰማያዊ አላየሁም።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር አንድ የተበላሸ አፕዴት ለቆ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር ሰማያዊ ሆነ። አውሮፕላን ሳይቀር ቆመ። ብዙዎቹን ያስነሱት ሴፍ ሞድ ገብተው አንድ ፋይል በማጥፋት ነው። ራም የቀየረ የለም።

ለራሙ የከፈልኩትን ብር መልሱልኝ ልል ጥገና ቤቱ ሄጄ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኝም አልነበረኝ።

በእርግጥ ራም አይበላሽም ማለቴ አይደለም። ሴፍ ሞድም ላይ የሚጠፋ ከሆነ ራሙ፣ ዲስኩ ወይም ሙቀት ሊሆን ይችላል። ግን ዊንዶውስ የራሱ የሜሞሪ መፈተሻ አለው፣ በነፃ። ጠጋኙ ፈትሾ ውጤቱን ስክሪኑ ላይ ያሳያችሁ። የወለቀውን ዕቃ ተቀበሉ። ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ።

«ፎርማት እናድርገው» (ሁሉን አጥፍተን ዊንዶውስን እንደ አዲስ እንጫን) ካሏችሁም መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ሲጨርሱ ደግሞ ፍላሻቸው ላይ ያለውን ሁሉ እንዳይጭኑባችሁ አጠገባቸው ቁሙ። ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚሠራ) አንቲቫይረስ፣ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አዳሽ ምናምን አያስፈልጋችሁም። ዊንዶውስ አብሮት የሚመጣ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አለው። እኔ አሁን የምሠራው በእሱ ብቻ ነው።