ሕፃናትን በውሃ ለምታጫውተው ተንከባካቢ፦ እጅሽ ይባረክ

ልጆቻችንን ለምትንከባከበው እህታችን ምስጋናችን በአደባባይ ይድረሳት። ዕድሜዋን ያርዝምልን!

ልጆቹ ቀድሞ የዋሉባቸው ቦታዎች የውሃ ጨዋታ የሚሉት ትልቅ ሳፋ ጢም አድርጎ ሞልቶ ዙሪያውን መኮልኮል ነበር። ልብስ ሲረጥብ ደግሞ ቁጣ። ጭራሽ ልጆቹን ሳፋው አጠገብ ትቶ ስልክ የሚያነሳም ነበር። ሕፃን እኮ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሰምጣል! ይህን ያላወቀ ሰው እንዴት ልጅ ይጠብቃል?

እሷ የምታደርገው ውሃ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለብ ያለ፣ በክርኗ የተፈተነ። ሳፋው ወለል ላይ፣ ከሥሩ ወፍራም ፎጣ። ዓይኗም እጇም ከልጁ አይርቅም።

ዓመት ተኩል ለሆነው የምትሰጠው መዳፍ የሚያህል የፎጣ ቁራጭ ነው፤ ስፖንጅ በጥርስ ተቦጭቆ ያንቃል። ልጁ ጨርቁን ይነክራል፣ ያነሳል፣ ባዶው ሳህን ላይ ይጨምቃል። ኋላ እርሳስ የሚይዘው፣ ቁልፍ የሚቆልፈው የጣት ጉልበት እዚህ ይጀምራል። ጨርቁ ከተለቀ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ልጁም መጭመቁን ትቶ መጎተት ይጀምራል።

ከዚያ መቅዳት ይመጣል። ጆሮ ያለው ትንሽ ኩባያ፣ ውሃው ሲሶ ድረስ ብቻ። ሞልቶ ከከበደ የእጁ አንጓ መዞሩ ይቀርና ክንዱ በሙሉ ይገለበጣል፣ ውሃው ደረቱ ላይ ያርፋል። መቀበያው መጀመሪያ አፈ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሲለምድ ኩባያ፤ አፈ ጠባብ ጠርሙስ የመጨረሻው ነው።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው ግን ልጅ ውሃ ሲደፋ የምታደርገው ነው። ኩባያውን አትነጥቅም፣ እጁን ይዛም አትቀዳለትም። ጨርቅ ታቀብለዋለች፣ አብረው ያብሳሉ። ከዚያ ዝም ብላ የኩባያውን ውሃ በግማሽ ቀንሳ ትመልስለታለች። በዚህኛው ይገባለታል። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ "አየህ፣ ቀዳህ!" ትለዋለች። ይህን የመሰለ ትዕግሥት ከየት ይገኛል?

ትልልቆቹን ሰፊ ብሩሽ አስይዛ ግድግዳውን በውሃ "ቀለም" ታስቀባቸዋለች፤ ለትከሻ ግሩም ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ውሃውን መጠጣት ወይም መርጨት ሲጀምሩ ደክሟቸዋል ማለት ነው። ያኔውኑ ሳፋው ይደፋል።

ወላጆች፣ ልጅ የምታስቀምጡበትን ስትመርጡ ሳፋው ውስጥ ስንት ውሃ እንደሚያደርጉ ጠይቁ። እሷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ፈቃዷን ጠይቀን እናገናኛችኋለን።