ውሻ ላንሸራሽር ገብቼ ስብሰባ ውስጥ የተገኘሁበት ሼልተር፦ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል

ኮከቡን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል። ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ 2 ነበር የምሰጠው፤ እሱንም ለውሾቹ ብዬ።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ከዳላስ በስተሰሜን ባለች አንዲት ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ አሁንም በየማክሰኞው እዚያው ስለምገባ። ኤርፖርት ነው የምሠራው፣ ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። የከተማው ሼልተር (ባለቤት የሌላቸው ውሾችና ድመቶች የሚወስዳቸው ሰው እስኪገኝ የሚቆዩበት ቦታ) በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል ሲባል ያስመዘገበችኝ ልጄ ናት። "አባዬ፣ ቤት ተቀምጠህ ዩቲዩብ ከምታይ" ብላ።

ምዝገባው ቀላል ነው። ፎርሙን ኦንላይን ትሞላላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገለጻ ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ቲሸርት ትገዛላችሁ። አዎ፣ በነጻ ለማገልገል ቲሸርት ትገዛላችሁ። ስልክ ግን አትደውሉ። አያነሱም።

የፊት ለፊቱ ክፍል ያምራል። ድመቶቹ መስታወት ውስጥ ተጋድመዋል፣ ሽታ የለም፣ ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል አለ። እዚያ ድረስ ብቻ ገብቶ የወጣ ሰው 5 ኮከብ ቢሰጥ አልፈርድበትም። የኋላው በር ሲከፈት ነው ነገሩ የሚቀየረው። በረኪናው ዓይን ያቃጥላል። 60 ውሻ ባንድ ላይ ሲጮህ ደረት ውስጥ ይገባል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በየበሩ ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል፦ ቁጥር፣ የተገመተ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የገባበት ቀን።

እውነቱን ለመናገር፣ ውሻ መያዝ አልችልም ነበር። ያደግኩት ጉለሌ ነው፣ ፓስተር አጠገብ። "ውሻ ከነከሰህ ፓስተር ሄደህ ሆድህን በመርፌ ትወጋለህ" እየተባልን ነው ያደግነው። ከጅብ የበለጠ ያንን መርፌ ነበር የምንፈራው። ስለዚህ ውሻ ሲመጣብን ድንጋይ እናነሳለን። ባይመጣም እናነሳለን።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ነበር። ካርዱን አየሁት፤ ከገባ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሌላው ሁሉ በሩ ላይ ሲዘል እሱ ግድግዳውን እያየ ይተኛል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይኼኛው በበላበት ዝም ብሏል። ሼልተሩ ድረ ገጽ ላይ የለጠፈው ፎቶው ደግሞ አይጣል ነው። ከሽቦ ጀርባ ያለ ጥቁር ነገር፣ ሁለት ዓይን ብቻ የሚያበራ። ማን ይወስደዋል?

አንድ ማክሰኞ በገመድ ይዤው ግቢው ሣር ላይ ወጣን። ቡቺ አልኩት፤ በሰፈራችን ውሻ ሁሉ ቡቺ ነበር። "ቁጭ!" አልኩት ባማርኛ። ቀድሞኝ ተቀምጧል። የተቀመጠውም ጫማዬ ላይ ነው። ከዚያ ሙሉ ክብደቱን እግሬ ላይ ጥሎ ተደገፈኝ። እንዳልወድቅ አጥሩን ይዤ በሌላው እጄ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ፎቶው ተለጠፈ። ሰዎች ጻፉ። "ስንት ሰዓት ልምጣ?" ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሼልተሩ የሚከፈተው በፈረንጅ ሰዓት ከ11 እስከ 5 ነበር፣ እሑድ ዝግ። ሥራውን ጥሎ ውሻ ሊያይ የሚመጣ ማን አለ? ሰው ሳይመጣ ሲቀር ክፍሉ ይሞላል። ክፍሉ ሲሞላ ብዙ የቆዩት ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ዝርዝሩ ሐሙስ ማታ ለእኛ በኢሜይል ይላካል፤ እስከ ቅዳሜ የሚወስዳቸው ካልተገኘ የሞት መርፌ ነው። ሥራ ቦታ፣ ምሳ መብያ ክፍል ውስጥ ነበር የማነበው። ቁጥሮች ናቸው። ሁለት ጊዜ የቡቺን ቁጥር አየሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ቤቷ ወስዳ አቆየችው።

ስለ ኮሚቴው የነገረችኝም እሷ ናት። የቴክሳስ ሕግ በትልልቅ ካውንቲዎች (ወረዳ እንደማለት ነው) ያለ ሼልተር አማካሪ ኮሚቴ እንዲኖረው ያዛል። ቢያንስ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ የከተማ ወይም የካውንቲ ባለሥልጣን፣ አንድ ሼልተሩን በየቀኑ የሚያሠራ ሰው፣ አንድ ከእንስሳት ደኅንነት ድርጅት የመጣ ሰው። በዓመት ቢያንስ 3 ጊዜ መሰብሰብ አለባቸው። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ተመልካቾቹ ሦስት ነበርን፤ አንዱ የፓርኪንግ ቅጣት ሊከራከር መጥቶ ክፍል ተሳስቶ ነው።

ለመናገር 3 ደቂቃ ይሰጣል። እንግሊዝኛዬ ለሥራ አያንሰኝም፣ ማይክ ፊት ግን ይጠፋብኛል። እዚህ ላይ ለሐበሻ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በቴክሳስ የወጣ ሕግ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ልጄን ይዤ ሄድኩ። 6 ደቂቃ! ባማርኛ "ይህ በር የሚዘጋው በ5 ሰዓት ነው፣ እኔ ከሥራ የምወጣው በ6 ነው፣ ጎረቤቶቼም እንደዚያው" አልኩ። የቡቺን ሁለት ፎቶዎች፣ የነሱንና የኔን፣ ጎን ለጎን አሳየሁ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አየ። አስተማሪዋ ደግሞ ከእኔ ቀጥላ ቁጥር ጠየቀች።

የቁጥሩ ነገር እንዲህ ነው። የቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ሼልተር ከሚገቡት 90 በመቶው በሕይወት እንዲወጡ ወሰነ፣ በዓመቱም ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም 90 ይላል። የእኛዎቹም መቶኛቸውን በትልቁ ጽፈው አሳዩን። አስተማሪዋ "በር ላይ ስንቱን መለሳችሁ?" አለች። ጸጥ። ውሻ ይዞ የመጣውን ሰው "ቦታ የለም" ብሎ የሚመልስ ሼልተር መቶኛው ያምርለታል፤ ውሻው ግን መንገድ ላይ ነው።

አገልግሎቱ ቀርፋፋ ነው፣ ኮከብ የቀነስኩትም ለዚህ ነው። ከዓመት በላይ ፈጀ። አራት ስብሰባ፣ ከዚያ የከተማው ምክር ቤት የበጀት ውይይት፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ እየሰማን። መጨረሻ ላይ ረቡዕ እስከ ምሽቱ 7፣ እሑድም ግማሽ ቀን ተፈቀደ። የገባው፣ በሕይወት የወጣው፣ የሞተውና በር ላይ የተመለሰውም በየወሩ ይለጠፋል።

ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ያዙኝ። "አንተ ልጅ፣ ሰው ስንት ችግር እያለበት ለውሻ ትሟገታለህ አሉ?" መልስ ስላልነበረኝ "ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው" አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው ዝቅ ባለ ድምፅ "የእኛው ጓሮ በሰንሰለት የታሰረውስ?" አሉ። ከጃንዋሪ 18 ቀን 2022 ጀምሮ በቴክሳስ ውሻን ጠባቂ ሳይኖረው ውጭ በሰንሰለት አስሮ መተው ክልክል ነው፤ ውኃ፣ ጥላና መጠለያም ሊኖረው ይገባል። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 500 ዶላር እንደሚደርስ ስነግራቸው "በስመ አብ!" ብለው እዚያው ለልጃቸው ደወሉ።

ቡቺ የሄደው በሦስተኛው ረቡዕ ነው። 7 ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጣራ ሠራተኛ መጣ፣ ሱሪው ላይ ሬንጅ ተለጥፎበታል። ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። አመጣሁለት። ቡቺ አሸተተው፣ ዞረ፣ ጫማው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

ስልኩ ግን እንዳለ ነው። ባለፈው ማክሰኞ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሜ ደወልኩ። ፊት ለፊቴ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳውም።