«የሶፋ ሞላ እናጠናክራለን» ለሚሏችሁ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት ሶፋውን ገልብጡት

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ግን እናንተም እንደኔ ገንዘባችሁን እንዳትበሉ ብዬ ጭምር ነው።

ሰሞኑን በየቴሌግራሙና በየቲክቶኩ «ሶፋዎ ሰመጠ? ቤትዎ ድረስ መጥተን ሞላውን እናጠናክራለን» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ሁሉም አጭበርባሪ ነው አልልም። እኔ ግን ለአንዱ 8,500 ብር ከፍዬ ያተረፍኩት ለሁለት የተሰበረ ቺፑድ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሶፋውን የገዛነው ለእንቁጣጣሽ ነው። ገንዘቡን የላከችው ዱባይ የምትሰራው ታናሽ እህቴ ናት። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከተቀመጠች ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አትችልም። ለዚህ ነው እህቴ «ከፍ ያለ፣ ጠንካራ ሶፋ ግዢላት» ብላ ስንት ወር ያጠራቀመችውን የላከችው። ኤል ሼፕ ነው፣ ግራጫ፣ ሲያዩት የሚያምር። ሻጩ መቀመጫውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሙሉ ስፕሪንግ ነው፣ አስር ዓመት አይነካውም» አለኝ። አመንኩት። ገልብጬ አላየሁም።

ለገና የእማዬ ቦታ ተሰርጉዶ ነበር። አራት ወር እንኳ አልሞላውም! ስትቀመጥ ጉልበቷ ከወገቧ በላይ ይሆናል፤ ለመነሳት ሁለት ሰው ይጎትታታል። ለእህቴ ግን ምንም አልነገርኳትም፤ እንዴት ብዬ?

ፋሲካ ሲቃረብ ያን ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩ። ሁለት ልጆች መጡ። አንደኛው ተቀምጦ ሁለቴ ዘለል ዘለል አለበትና «እህቴ፣ ሞላው ደክሟል። በአዲስ ቀይረን እናጠናክርልሻለን» አለኝ። ቤት እንዳይቆሽሽ ግቢ እንስራው አሉ፣ አወጡት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱ። ከስር አዲስ ጥቁር ጨርቅ ተወጥሮበታል፤ ስቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ደረቅ መሆኑን እንደ ጥንካሬ ቆጠርኩት። ገንዘቡን በሞባይል ባንኪንግ አስተላለፍኩ። ደረሰኝ የለም።

የፋሲካ ዕለት አጎቴ እማዬ አጠገብ ተቀመጠ። ገና እንጀራ ሳንቆርስ ከስር «ቋ!» የሚል ድምጽ ሰማን፤ ሁለቱም ወደ መሃል ተንሸራተቱ። እማዬ ስላልተጎዳች እግዚአብሔር ይመስገን። ደንግጣ ግን ለሳምንት ያህል ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም። «እኔ ዱካዬ ይሻለኛል» አለች። ከስብራቱ ይልቅ አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

በማግስቱ ገለበጥኩትና ጥቁሩን ጨርቅ በፒንሳ እየነቀልኩ ከፈትኩት። በእማዬ በኩል ሞላ የሚባል ነገር የለም። አንድም! የነበረውንም ነቅለው ይዘውት ሄደዋል። በቦታው ቺፑድ በአራት ሚስማር ጣል አድርገዋል፤ ከላዩ የተቀዳደደ ስፖንጅ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀውበታል። ቺፑዱ መሃል ለመሃል ተሰብሮ ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ስደውልላቸው ስልኩ ዝግ ነው።

ልብ በሉ፣ ሰው ሲቸገር ለጊዜው ከመቀመጫው ስር ጣውላ ያስገባ ይሆናል። ጣውላ መሆኑን ነግሮ የጣውላ ዋጋ የሚያስከፍል ሰው ላይ ቅሬታ የለኝም። ጣውላን «አዲስ ሞላ» ብሎ መሸጥ ግን ስርቆት ነው። ቺፑድ ደግሞ የተፈጨ እንጨት በሙጫ የተጣበቀ ነገር ነው፤ መሃሉ ድጋፍ ከሌለው ሁለት ሰው አይሸከምም። ሞላ ሲጫኑት ይወርዳል፣ ሲነሱ ይመለሳል። ደረቅ ጣውላ ስለማይወርድ ጫናውን ሁሉ የሚችለው ስፖንጁ ነው፣ እሱም ቶሎ ይሞታል።

ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ የእንጨት መስሪያ ቦታ ያላቸው አንድ ሽማግሌ አናጺ ጋ ሄድኩ። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። መጥተው በስልኬ ባትሪ ከስር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሞላ ብቻውን ምን ያደርጋል፤ የሚይዘው ነገር ነው ዋናው» አሉኝ። ሦስት ቀን ሲሰሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ነገር ጠየቅኳቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ ያየሁትን ነው።

አሁን አብዛኛው ሶፋ ውስጥ ያለው እንደ እባብ የተጣመመው ዚግዛግ ሞላ ነው፤ ከፊት ጣውላ ወደ ኋላ ጣውላ ይወጠራል። መጀመሪያ ቁጠሩት። ለአንድ ሰው መቀመጫ፣ ማለትም 55 ወይም 60 ሳንቲሜትር ለሚሆን ስፋት፣ አምስት ረድፍ ያስፈልጋል። በረድፍና በረድፍ መሃል ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ያልተነካው የኛ ሶፋ ክፍል ላይ ስንቆጥር ሦስት ብቻ ነበር። ለካ ሻጩ «ሙሉ ስፕሪንግ» ያለው ሦስቱን ነው!

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ውፍረቱ በጌጅ ነው የሚጠራው፣ ጌጅ ደግሞ ተቃራኒ ነው፦ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 8 ጌጅ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 11 ጌጅ ደግሞ 3 ሚሊሜትር ገደማ። ስለዚህ «ባለ 11 ነው፣ ከ8 ይበልጣል» የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ እያታለላችሁ ነው። ለመቀመጫ 8 ወይም 9 ጌጅ ጠይቁ፤ ቀጭኑ ለመደገፊያው ይሁን። የ1 ሚሊሜትር ልዩነት ምን ያመጣል እንዳትሉ። የወንድሜ ልጅ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፣ አሰላልኝ፤ የሞላ ጥንካሬ የሚመጣው ውፍረቱ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ቅርጹ ሳይቀየር ከ3 ሚሊሜትር ወደ 3.8 ብቻ ቢወፍር ጥንካሬው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። ሽቦው ራሱም የሞላ ብረት መሆን አለበት። ትንሽ ወጥራችሁ ስትለቁት ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ተራ ሽቦ ነው።

የኛ ሶፋ ዋና በሽታ ግን ሞላው ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ነበር። ሞላው ጫፉ ላይ በትንሽ የብረት መያዣ ነው የሚታሰረው። የኛዎቹ እያንዳንዳቸው በአንዲት አጭር ሚስማር ቺፑድ ላይ ተመትተዋል። ሰው በተቀመጠ ቁጥር ሞላው መያዣውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሚስማሯም ቀስ እያለች ትወጣለች። ጋሼ አንዷን በጣታቸው ብቻ ነቅለው አሳዩኝ፣ በጣታቸው! ከዚያ የሞላ ማሰሪያውን ቺፑድ በሙሉ አውጥተው በደረቅ ጣውላ ቀየሩት፤ መያዣዎቹን እያንዳንዳቸውን በሁለት ቪቴ አሰሩ። በመያዣውና በሞላው መሃል የከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡ። ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ነው ሶፋ «ሲጥ ሲጥ» የሚለው፤ ያቺ ቁራጭ ጎማ ድምጹን ታጠፋዋለች።

ረድፎቹን ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ በሽቦ እርስ በርስ አያያዟቸው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም ነበር። ሳይታሰሩ አንዱን ረድፍ ተጫኚው አሉኝ፣ ብቻውን ወረደ። ከታሰሩ በኋላ ስጫነው ጎረቤቶቹም አብረው ወረዱ፤ ሸክሙን ተካፈሉት ማለት ነው። አንድ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ለሚቀመጥበት ቤት፣ እንደ እማዬ፣ ይሄ በጣም ወሳኝ ነው።

ከፊት ያለው ረጅሙ ጣውላም ነበር። ሞላዎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚስቡት መሃሉ ላይ ጎብጧል። ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ድጋፍ እንጨት በኮላና በቪቴ አስገቡ፣ መሃል ላይም እግር ጨመሩለት።

ስፖንጁ ሞላው ላይ በቀጥታ እንዲያርፍ አታድርጉ። ሽቦው እየፈገፈገ ይበላዋል። ጋሼ ከሞላው በላይ የቃጫ ጆንያ ወጥረው ነው ስፖንጁን ያስቀመጡት። ማዳበሪያ ከረጢት ይንኮሻኮሻል፣ ቶሎም ይቀደዳል፣ እሱን እንዳይጠቀሙባችሁ። ስፖንጁን በሚዛን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ዴንሲቲ የሚባለው አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ 50 በ50 ሆኖ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ባለ 30 ከሆነ 750 ግራም ይመዝናል። 450 ግራም ከሆነ ባለ 18 ነው፣ ለመቀመጫ አይሆንም። ማንኛውም ሱቅ ሚዛን አለው፣ አስመዝኑት።

ውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ ሶፋ የምታስገዙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ከላይ የተነሳ ፎቶ ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትላኩ። ጥቁሩ ጨርቅ ከመወጠሩ በፊት ከስር የተነሳ ቪዲዮ ጠይቁ። የሞላው ረድፍ ይቆጠር፣ መያዣው ቀርቦ ይታይ። በሐቅ የሚሰራ ባለሙያ ይሄን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። «ጨርቁ ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚላችሁን ደግሞ ትታችሁ ሂዱ። ቤት መጥቶ ለሚጠግን ሰውም ያው ነው። ሲሰራ አጠገቡ ሁኑ፣ የነቀለውን አሮጌ ሞላ እንዲያስረክባችሁ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፣ ሙሉውን ገንዘብ ቀድማችሁ አትስጡ።

ስለ ደረሰኝ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፣ ነጋዴውንም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይሄን ይዤ ወረዳ ንግድ ጽህፈት ቤት ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኝ ነው። እኔ ያለኝ የተዘጋ ስልክ ቁጥርና ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ስም ብቻ ነው።

እማዬ አሁን ቦታዋ ላይ ተመልሳለች። ትናንት ስልክ ሲጠራ የሶፋውን ክንድ ይዛ ብቻዋን ብድግ አለች፤ የደወለችው እህቴ ነበረች።

ጋሼ ለሰሩት ደረሰኝ አለኝ። እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ዚግዛግ ሞላ 9 ጌጅ፣ ለአንድ መቀመጫ 5 ረድፍ፣ መያዣው በሁለት ሁለት ቪቴ፣ ረድፎቹ በሽቦ የተያያዙ፣ መሃል ድጋፍ 2፣ እግር 1፣ የቃጫ ጆንያ፣ ስፖንጅ ባለ 30፣ ዋስትና አንድ ዓመት።» ስታሰሩም ስትገዙም ይህንኑ አስጽፉ። አልጽፍም ካለ አትክፈሉት።