ሠራተኛ ፍለጋ ቀበሌ ሄጄ ነበር፦ ስለ ነጻው የሥራ ማገናኛ አገልግሎት የአንድ ቀጣሪ አስተያየት

ስለ ቀበሌ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ማለትም ሥራ ፈላጊ ተመዝግቦ ከቀጣሪ ጋር ስለሚገናኝበት ቢሮ፣ አስተያየት ሲሰጥ የምሰማው ሁሌ ሥራ ፈላጊው ነው። ቀጣሪ ሆኖ ገብቶ ያየውን የተናገረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔ ልጻፍ።

ጅማ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት እንሠራለን። የጅማን በርጩማም እንሠራለን፣ እሱ ሳይኖር የጅማ እንጨት ቤት አይባልም። ነባር ሠራተኞቼ ጥሩ ናቸው፣ ግን ሥራው በዛና ተጨማሪ እጅ አስፈለገኝ። ደላላ ከመጥራት ይልቅ ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

አጭሩ መልሴ፣ ቀጣሪዎች ሆይ ሂዱ ነው። አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ይጠቅማል። ቅሬታዬ የተቀጠረው ልጅ ሥራ ከጀመረ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው። እዚያ ላይ አገልግሎቱ የለም።

የትኛው ቀበሌ እንደሆነ አልጽፍም። ሠራተኞቹ ባላቸው ነገር የሚችሉትን ያደርጋሉ። ጉድለቱ የእነሱ ብቻ ስላልሆነ ስማቸው እንዲነሳ አልፈልግም።

ቢሮው አንድ ክፍል ነው። አንዱ ጠረጴዛ ሥራ ፈላጊ ይመዘግባል፣ ሌላው ለመደራጀት የመጡትን ያስተናግዳል፣ ጥግ ላይ ያለው የብድርና ቁጠባ ነው። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ከሄዳችሁ በሩ ላይ የቆሙት ልጆች ናቸው፣ ዶክመንታቸውን በፕላስቲክ ይዘው። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው። ከአካባቢው ወረዳዎች፣ ከሰቃ፣ ከማናና ከደዶ የመጡም አሉ፣ ሐሙስ ገበያ ሲወጡ እግረ መንገዳቸውን ስማቸው መዝገብ ላይ እንዳለ ሊጠይቁ ጎራ የሚሉ።

ቅጹ በአፋን ኦሮሞ ነው። የማይችል ሰው ካለ ምዝገባ ላይ ያለችው ልጅ ራሷ ታነብለታለች። እሷን ነው መጀመሪያ ማመስገን የምፈልገው።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ።

«የሚሠራ ልጅ» አልኳት።

«እሱንማ ሁሉም ይለኛል። ምን የሚችል ልጅ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ስንት ይከፍላሉ? ምሳ አለ?»

እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ዝም ብላ «ሠራተኛ ይፈለጋል» ብላ ብትጽፍ ማን ይከሳታል? ግን አልጻፈችም። መለካት የሚችል፣ በመጋዝ የሠራ፣ ማሽን ባይነካም የማይፈራ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚገባ፣ ምሳ አለው፣ ደመወዙ ይህን ያህል። አንድ በአንድ ጻፈችው። በዚህ ሙያ በቆየሁበት ዘመን ደላላ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ደላላ ሰው ያመጣል፣ ከልጁ የመጀመሪያ ደመወዝ ላይ ይቆርጣል፣ ይሄዳል። ልጁ ከሳምንት በኋላ ቢለቅ ለእሱ ሌላ ገቢ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 አገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ እንዳይወስድ በመርሕ ይከለክላል። መንገድ ላይ ያለው ደላላ ይህን የሰማም አይመስለኝም። ሥራ ካጣ ልጅ ላይ ገንዘብ መቁረጥ ያሳዝነኛል። ቀበሌው ነጻ መሆኑ ብቻውን እንድሄድ በቂ ምክንያት ነበር።

«ልምድ?» ስትለኝ «ዜሮ ዓመት ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ በዚህ ወር ዜሮ ዓመት ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነዎት» አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሂዱና አንብቡ። ለጽዳት እንኳ ልምድ ይጠየቃል። ልጁ አራት ዓመት ተምሯል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለበት፣ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። የቴክኒክና ሙያው ልጅ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይፈተናል። ይህን ሁሉ አልፎ ሲመጣ «ሁለት ዓመት የሠራህበትን አምጣ» እንለዋለን። የት ሄዶ ይሥራ? እኛ ነን እኮ ያላስገባነው። ይህን ለመንግሥት ብቻ መተው አይቻልም። እንደ እኔ አነስተኛ ሥራ ቤት ያላችሁ፣ ቅጹ ላይ «ዜሮ» ማስጻፍ የእናንተ ሥልጣን ነው።

ስለ ፖሊሲው ደግሞ የማስበውን ልበል። ብሔራዊ የሥራ ስምሪት ፖሊሲና ስትራቴጂ የወጣው በ2002 ነው። ከዚያ ወዲህ ለወጣቱ ጎልቶ የደረሰው መልእክት «ተደራጁ» የሚለው ነው። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም እኛም ሰፈር ልጆች ተሰባስበው ተደራጅተው ነበር። ሼድ የደረሳቸው አሉ፣ ማሽን የገዙም አሉ። መጥተው «ጋሼ፣ ይህ እንዴት ነው የሚስተካከለው?» ሲሉኝ ሄጄ አሳይቻቸዋለሁ። ጨዋ ልጆች ነበሩ፣ አልሰነፉም። ሙያው ግን ገና እጃቸው አልገባም ነበር። አንድ ቁም ሣጥን ስንት ጣውላ እንደሚበላ ሳያውቁ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ይከስራሉ፣ ብድሩ ይቀራል። የእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው። መጀመሪያ ልጁ ባለሙያ ጋር ይግባ። ይሥራ፣ ያበላሽ፣ ያስተካክል። ደንበኛ እንዴት እንደሚከራከር ይይ። ከዚያ ይደራጅ፣ ከዚያ ይበደር። ለዚህ ነው የቀበሌዋ ምዝገባ ጠረጴዛ ከብድሩ ጠረጴዛ ይበልጥብኛል የምለው። በጀቱ ግን እንደዚያ የሚያስብ አይመስለኝም። የምዝገባ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ነው ያለው።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። የስም ዝርዝር ሰጡኝ። ይህ ደካማው ክፍል ነው። ስልክ ደወልኩ፣ ዝግ። ሌላ ደወልኩ፣ ልጁ አዲስ አበባ ገብቷል። አንዱ ባጃጅ ይዟል፣ «ጋሼ አመሰግናለሁ፣ አሁን ደህና ነኝ» አለኝ። አንዷ አግብታለች። መዝገቡ ልጆቹ ሲመጡ ይሞላል እንጂ ሲሄዱ አይታረምም። ልየታና ምዝገባ እየተባለ በየጊዜው ዘመቻ ይደረጋል። ዘመቻው ሲያልቅ መዝገቡ እዚያው ይቀራል። በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስልክ ቢደውል ይህ ችግር ይቀላል። ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። የስልክ ካርድና አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ቢሆንም የመጡልኝ ነበሩ። አንዱ በእንጨት ሥራ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሰርተፊኬቱን ሊያወጣ ሲል «ቆይ፣ እሱ ይቆየን» ብዬ አንዲት የዋንዛ ጣውላና መላጊያ ሰጠሁት። ጣውላዋን አሰረ። ሁለት ጊዜ ገፋ። እንጨቱ ተቦጨቀ፣ ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነበር የላገው። ነባሮቹ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ያዩታል። ልጁ ቆመ። በአውራ ጣቱ ቦታውን ዳሰሰው። ማንንም አልጠየቀም። ጣውላዋን ፈታ፣ አዞረ፣ መልሶ አሰረና መላጊያውን ቀለል አድርጎ ላገ። የሚወጣው ፍቅፋቂ ረዘመ፣ ተጠቀለለ። እዚያው ላይ ነው የቀጠርኩት። ማንም ይሳሳታል። ቆሞ መዳሰስን ግን ማስተማር አይቻልም።

ሌላዋ ደግሞ የአካውንቲንግ ምሩቅ ናት። መውጫ ፈተናውን አልፋለች፣ 5 ሚሊዮን ኮደሮች ከሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠናም የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ ሰርተፊኬት አላት። በስልክ ነው የተማረችው። ቀበሌው እኔ ጋ የላካት በስህተት ይመስለኛል፣ የእንጨት ሠራተኛ ነበርና የጠየቅኩት። ግን ከመጣሽ አይቀር ብዬ የዱቤ ደብተሬን ሰጠኋት። ቁጭ ብላ ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን ከመቼ ጀምሮ እንዳልከፈለ ለይታ በንጹሕ ወረቀት አወጣችልኝ። እኔ የረሳሁት ዕዳ ሁሉ ነበረበት። ሙሉ ጊዜ ልቀጥራት አቅም የለኝም። አጠገቤ ያሉ የብረታ ብረትና የልብስ ስፌት ቤቶች አሉ፣ ሄጄ አነጋገርኳቸው። አሁን ለሦስታችንም በሳምንት እየተዘዋወረች ትሠራለች። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንከፍላታለን፣ ተደምሮ አንድ ደመወዝ ይሆናል። የቀበሌው ቅጽ ላይ ግን ይህን የሚጻፍበት ቦታ የለም። «ቋሚ» ወይም «ጊዜያዊ» ነው የሚለው። ለብዙ የአካውንቲንግና የአይቲ ምሩቅ የሚሆነው መንገድ ግን ይኸው ይመስለኛል። ትንንሽ ቤቶች ብቻቸውን ባለሙያ መቅጠር አይችሉም፣ ተባብረው ግን ይችላሉ። ቀበሌው ሦስቱን ቤቶች ያውቃቸዋል። እሱ ነበር ሊያገናኘን የሚገባው።

ውል ስንፈራረም ያየሁት ነገር አስደስቶኛል። የቀበሌው ባለሙያ ናሙና ውል አውጥታ እኔንና የእንጨት ሥራውን ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጣ አነበበችልን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ እኔ 11 ከመቶ፣ እሱ 7 ከመቶ። ልጁ 7 ከመቶ ሲባል ፊቱ ተለወጠ። «ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው?» አላት። አስረዳችው፣ በትዕግሥት። ብዙ ትንሽ ቀጣሪ በቃል ብቻ የሚቀጥረው ክፋት ኖሮበት አይደለም። ወረቀቱን ስለሚፈራ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያነብለት ሰው ሲያገኝ ፍርሃቱ ይለቃል። የጎረቤቴን የብረት ሥራ ቤት ባለቤት ይዤው ሄጄ እሱም ተፈራርሟል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በተፈራረምንበት ቀን ልጁ በሪፖርት «ሥራ የተፈጠረለት» ሆነ። አገራችን በፈረንጆቹ እስከ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን ሥራ ለመፍጠር አቅዳ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ከየትም አይመጣም፣ እንዲህ ካሉ ጠረጴዛዎች ተሰብስቦ ነው ላይ የሚደርሰው። ስለዚህ ጠረጴዛዋ ላይ ምን እንደሚቆጠር ትልቅ ነገር ነው። የሚቆጠረው ፊርማው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም መጥቶ «ልጁ አለ ወይ? ተማረ ወይ? ከፈልከው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ክፉ ቀጣሪ ብሆን ማን ያውቅብኛል? ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ቢለቅስ?

ደግሞ ሊለቅ ነበር። ምክንያቱን የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ ቡና። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል። ጎማ ወረዳ ያሉ ዘመዶቹ ለለቀማ ጠሩት። በለቀማ ወቅት ጠንካራ ልጅ በቀን የሚያገኘው ለማጅ ከሚከፈለው ይበልጣል፣ እጅ በእጅም ነው። ቆጪ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቷል፣ ኪራዩ ይጠብቀዋል። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ለለቀማው ፈቃድ ሰጠሁት። ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ። ሌላ ቀጣሪ ቢሆን ያባርረው ነበር፣ ሥራ ስላለበት አልፈርድበትም። ቀበሌው ግን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቅጥሩንና ልምምዱን ከጥር ጀምሮ ቢያደርገው ልጁ የለቀማ ገንዘቡን ይዞ፣ ኪራዩን ከፍሎ፣ ልቡ ለሁለት ሳይከፈል ይገባል። ዕቅዱ የሚወጣው በበጀት ዓመት ስለሆነ ከሐምሌ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። የጅማ ወጣት ዓመት ግን በቡና ነው የሚሄደው።

የኢንዱስትሪ ፓርካችን በኅዳር 2011 ሲመረቅ ሁላችንም ተስፋ አድርገን ነበር። አሁንም አደርጋለሁ። ነገር ግን አንድ ፓርክ የከተማውን ልጅ ሁሉ አይውጥም። እንደ እኔ ያለ ሥራ ቤት እዚሁ ጅማ ከመርካቶ እስከ አጂፕ በየመንገዱ አለ። እያንዳንዱ አንድ ልጅ ቢይዝ ቀላል አይደለም።

የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችንም ሞክሬያለሁ። ፈጣን ናቸው። ማስታወቂያ በወጣ በሰዓታት ውስጥ መልእክት ይጎርፋል፣ ግማሹ ጅማ የት እንዳለች የማያውቅ ነው። ለቢሮ ሥራ ይሆናሉ። ለእጅ ሥራ ቀበሌው ይሻላል፣ ምክንያቱም ልጁ በእግሩ መጥቶ መላጊያ ይይዛል።

እንግዲህ ለመሄድ ላሰባችሁ። ቀጣሪ ከሆናችሁ የታደሰ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ያዙ። ደመወዛችሁን ቀድማችሁ ወስኑ። በግል ድርጅት በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ገና የለም፣ ስለዚህ ሐቀኛ ቁጥር ይዞ መሄድ የእናንተ ፋንታ ነው። ሰኞ ጠዋት ይጨናነቃል፣ ሌላ ቀን ሂዱ። ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ፣ ፋይዳ ካላችሁም እሱን ያዙ። ስልክ ስትቀይሩ ደግሞ እባካችሁ ተመልሳችሁ አስመዝግቡ። እኔ የደወልኩላቸው ልጆች ውስጥ ዛሬም ሥራ የሚፈልግ ይኖራል፣ ስልኩ ስላልሠራ ብቻ ያላገኘሁት።

ለቀበሌው ደግሞ ጥያቄዬ አንድ ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ሰው ላኩ። ቡና አፍልተን እንጠብቃለን፣ ልጁንም ሥራውንም አይቶ ይሂድ።