ሳይለካ የማይፈታ መካኒክ፦ ለባለስድስት ቦክሰር ሞተር ባለቤቶች የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ ጽሁፍ የሱባሩን ባለስድስት ሲሊንደር ቦክሰር ሞተር፣ ማለትም ኢዜድ30ን እና እሱን የተካውን ኢዜድ36ን የምንይዝ ሰዎች ለመካኒካችን የምናቀርበው ምስጋና ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ አንጽፈውም፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀን። "ጎበዝ ነው፣ ሂዱ" ብቻ ብንል ግን ለማንም አይረባም። ይህን ሞተር የሚነካ እጅ ምን ማወቅ እንዳለበት ሳይነገር ጥቆማው ጎዶሎ ስለሚሆን፣ ሥራውን ራሱን እንናገር።

መጀመሪያ ሞተሩ ምን እንደሆነ። ኢዜድ30 2,999 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 89.2 ሚሊሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 80 ሚሊሜትር፣ የመጭመቂያ መጠኑ 10.7 ለ1። ኢዜድ36 ወደ 3,630 ሲሲ ከፍ ብሏል፤ ስፋቱ 92፣ ጉዞው 91 ሚሊሜትር፣ መጭመቂያው 10.5 ለ1። ሦስት ፒስቶን በግራ፣ ሦስት በቀኝ ተጋድመው ሲሠሩ የአንዱ ግፊት የሌላውን ስለሚያጠፋው ሞተሩ ሚዛን ጠባቂ ዘንግ አያስፈልገውም። ለዚህም ነው በዝግታ ሲዞር መንቀጥቀጡ የማይሰማው። ሾፌሩ ከተቀመጠበት ሲታይ በቀኝ 1፣ 3፣ 5 በግራ 2፣ 4፣ 6 ናቸው፤ የእሳት ተራው 1-6-3-2-5-4 ነው። ይህን ቁጥር የማያውቅ ሰው ፒ0304 የሚል ኮድ (አራተኛው ሲሊንደር በትክክል አልተቀጣጠለም ማለት ነው) ሲያይ የተሳሳተ ሲሊንደር ካንዴላ ይፈታል። እንደ አራት ሲሊንደሩ የሱባሩ ሞተር ኢጄ25 የጎማ ታይሚንግ ቺንጊያ የለውም፤ በሁለት ሰንሰለት ነው የሚሠራው። የቴስታታ ጋስኬቱም (በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚታሰረው የሲሊንደር ራስ፣ በቴስታታው፣ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተደራራቢ ብረት ስለሆነ ከኢጄ25 ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

ረጅም ዕድሜ ማለት ግን አይበላሽም ማለት አይደለም። የዚህ መካኒክ ትልቁ ችሎታም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲሞቅበት የመጣን ሰው ሁሉ "ጋስኬት ነው" ብሎ አይሰድም። ኢዜድ30 ጋስኬቱ ሲበላ ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት አያቀላቅልም፤ የተቃጠለ ጋዝ ነው ወደ ራዲያተሩ ውሃ የሚገባው። ስለዚህ የዘይት መለኪያውን መዝዞ "ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ጋስኬቱ ደህና ነው" ማለት ስህተት ነው። እሱ የሚያየው ሌላ ነው፤ በመጠባበቂያው ጎድጓዳ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ አለ ወይ? ውሃው ወደ መጠባበቂያው ተገፍቶ ወጥቶ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አይመለስም ወይ? መኪናው ቆሞ ሲሠራ የውስጥ ማሞቂያው በድንገት ቀዝቃዛ አየር ይነፋል ወይ? ቀጥሎ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊውን መመርመሪያ ፈሳሽ ያደርጋል፤ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

በዚህም አያበቃም። ካንዴላዎቹን ፈትቶ እያንዳንዱን ፒስቶን በመጭመቂያው ምት ጫፍ ላይ ያቆምና ወደ 7 ባር የሚጠጋ አየር ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል፤ ከዚያ ጆሮውን ይሰጣል። አየሩ በስሮትል (በሞተሩ አየር መግቢያ በር) በኩል ከተሰማ መግቢያ ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ከተሰማ መውጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከተሰማ የፒስቶን ፋሻ፣ ራዲያተሩ ላይ አረፋ ከወጣ ጋስኬት ወይም ስንጥቅ ነው። የትኛው ወገን እንደሚያፈስ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ቴርሞስታቱንና የራዲያተሩን ክዳንም አስቀድሞ ይፈትሻል፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ውሃውን ቶሎ ስለሚያፈላው የጋስኬት ብልሽት መስሎ ይታያልና። ቴስታታ ከመፍታት ክዳን መቀየር ምን ያህል እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም።

ጋስኬቱ መሆኑ ከተረጋገጠ ሞተሩን ያወርዳል። ቴስታታዎቹ ከመኪናው የጎን ብረት ጋር ስለሚቀራረቡ እዚያው ተንጠልጥሎ መሥራት የሚቻል ቢመስልም፣ የብሎኩን ፊት በትክክል ማጽዳት አያስችልም። ከወረደ በኋላ ቴስታታውን በቀጥ ያለ ብረትና በስስ ልክ ማስገቢያ በርዝመትም በአግድምም በሰያፍም ይለካዋል። ጥምመቱ የጥገና መጽሐፉ ከሚፈቅደው ከበለጠ ለማሽን ቤት ይልካል። አሸዋ ወረቀት በጣት ይዞ አሉሚኒየም ማሸት የሚባል ነገር እሱ ጋ የለም፤ የብረት ጋስኬት የሚይዘው ለስላሳና ቀጥ ያለ ፊት ላይ ብቻ ነው። አንዱ ወገን ብቻ ቢያፈስም ሁለቱንም ይቀይራል። ይህ ደንበኛን ማስወጣት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ያው ሞተር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሌላኛው ወገን እንደገና መውረዱን ያስብ። ቡሎኖቹን በቅደም ተከተል፣ በደረጃ፣ በቶርክ ቁልፍና በማዕዘን መለኪያ ነው የሚያጠብቀው፤ የጥገና መጽሐፉ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነው የሚውለው።

የፊተኛው የሰንሰለት ክዳን ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፣ እኛም በጣም ያመሰገንነው በዚህ ነው። ክዳኑ ወደ 60 የሚጠጉ ቡሎኖች አሉት፣ ርዝመታቸውም አንድ አይደለም። መካኒካችን ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስሎ እያንዳንዱን ቡሎን በቦታው ይሰካል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ክዳኑ ሳይያዝ ጠብቆ ይቆማል ወይም አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ዘይት የሚያፈስ ክዳን ላይ ከውጭ ሲሊኮን የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ማፍሰሱ ይቀጥላል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በትክክል የሚሠራውን ሰው የማጽዳት ሥራ ያበዛበታል። አሮጌው ሲሊኮን ሲፋቅ ፍርፋሪው ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) እንዳይወርድ መክደንም ግዴታ ነው፤ ከወረደ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይዘጋል።

ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር የሚቀየሩ ነገሮች አሉ። በዚህ ሞተር የውሃ ፖምፓው ከዚያው ክዳን በስተጀርባ ሆኖ በሰንሰለቱ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ፖምፓውን ከነጎማ ቀለበቱ፣ ከውስጠኛው ክዳን ኋላ ያሉትን የዘይት መተላለፊያ ጎማ ቀለበቶች፣ የኮሎውን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) የፊት ዘይት ማገጃ አብሮ ይቀይራል። ሰንሰለቱንና የፕላስቲክ መንሸራተቻዎቹን ያያቸዋል፤ ጥልቅ መስመር ካልያዙ አይቀይራቸውም። "አውጥተነዋልና ሁሉንም እንቀይረው" የሚል አመል የለውም። ሰንሰለቱን ሲመልስ ባለቀለሞቹን አይኖች ከጥርሶቹ ምልክት ጋር ያገጣጥማል፣ የወጣሪዎቹን ፒን ይነቅላል፣ ከዚያ ሞተሩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል። አዲስ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ባለቀለሞቹ አይኖች ከዙሩ በኋላ ምልክቱ ላይ አይገኙም። እነሱ ተመልሰው የሚገጥሙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው፤ መታየት ያለበት የካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) ጥርስ ምልክት ወደ ቦታው መመለሱ ነው። በእጅ ሲዞር ከያዘ ደግሞ አይገፋም፣ ይፈታል። ይህ ሞተር ታይሚንጉ ከሳተ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

ካንዴላ መቀየር በዚህ ሞተር ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካንዴላዎቹ ወደ ጎን ስለሚያዩ በቀኝ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን፣ በግራ ባትሪውን ማንሳት አለ። የ16 ሚሊሜትር መፍቻ፣ አጭር ማራዘሚያና ተጣጣፊ አንገት ይበቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ በግለቱ የሚፈታ ካንዴላ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ክፍተቱ ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊሜትር፣ ማጥበቂያው 21 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በየ96,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ኮይሉ (ለካንዴላው የእሳት ኃይል የሚሰጠው) ሲነቀል ጫፉ ዘይት ከነካ ጥፋቱ የኮይሉ አይደለም፤ በቫልቭ ክዳኑ ሥር ያለው የካንዴላ ጉድጓድ ጎማ ደርቋል። ኮይል እየቀያየሩ ዘይቱን ችላ ማለት ያንኑ የመንተፋተፍ ኮድ ይመልሳል።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር፤ ሰውየውን ያስወደደን እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት መሪው ሲዞር የሚያለቅስ፣ በመሪ ዘይቱ ዕቃ ውስጥ አረፋ የሚታይ መኪና ብዙ ቦታ "ፖምፓ ቀይሩ" ይባላል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በፖምፓው መግቢያ ቱቦ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ናት። በመምጠጫው በኩል ስለሆነች ዘይት ሳታፈስ አየር ታስገባለች፤ ስለዚህ ውጭውን ያየ ሰው ምንም አያገኝም። እሱ ቀለበቷን ብቻ ይቀይራል፣ የፊት ጎማዎቹን አንስቶ መሪውን ከጫፍ ጫፍ እያዞረ አየሩን ያስወጣል፣ ድምፁ ይጠፋል።

ዘይትን በተመለከተ አቋሙ ጥብቅ ነው፣ እኛም እንስማማለን። ኢዜድ30 ከነፊልትሮው 5.5 ሊትር፣ ኢዜድ36 ደግሞ 6.5 ሊትር ገደማ 5ደብሊው-30 ይወስዳል። ከ6,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መቀየር ይሻላል፤ ሰንሰለት ወጣሪዎቹም፣ ባሉባቸው ሞተሮች ላይ የካምሻፍት ጊዜ ቀያሪዎቹም የሚሠሩት በዘይት ግፊት ነው። ቆሻሻ ዘይት የጊዜ ቀያሪዎቹን ጠባብ ወንፊት ይደፍንና ፒ0011 ወይም ፒ0021 የሚል የካምሻፍት ጊዜ ስህተት ኮድ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ወንፊቱንና ቫልቩን ማጽዳት ይበቃዋል። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ሰንሰለትም መጀመሪያ የሚያስጠይቀው የዘይቱን መጠን ነው። ስትለኩ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ከተጋደሙት ቴስታታዎች እስኪወርድ ጠብቁ፤ የመለኪያው ሁለት ፊት ከተለያየ ዝቅተኛው ነው ትክክሉ።

የፒሲቪ ቫልቩ (በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣው) ከተደፈነ የውስጥ ግፊቱ ማገጃዎቹን ይገፋል፤ ርካሽ ስለሆነ በጊዜው ይቀየር። የውጭ ቺንጊያው ላይ ያሉት ማዞሪያዎች ኩሽኔታ ሲደርቅ ይጮኻል። ቺንጊያው ቢበጠስ የውሃ ፖምፓው መዞሩን ይቀጥላል፣ ጀነሬተሩ ግን ይቆማል፤ ባትሪው ሲያልቅ የራዲያተሩ ማራገቢያም ይቆማልና ብዙ አትንዱት።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። የተቀየረውን ዕቃ ሁሉ በሳጥን አድርገህ ስለምትመልስ፣ የለካኸውን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ስለምትሰጥ፣ "ይሄ አያስፈልገውም" ማለት ስለማያሳፍርህ እናመሰግንሃለን።

ወደ እሱ የምትሄዱ፣ መኪናችሁን ከተቻለ ከማታ ጀምሮ አሳድሩለት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ መስማት ይፈልጋል። የጎደለ ውሃ አትሙሉ፣ ሞተሩን አታሳጥቡ፣ ኮድ ያወጣ መኪና ከሆነ ኮዱን አታጥፉ፤ የፈሰሰበት መንገድና የተመዘገበው ኮድ ነው መነሻው።